ቮልቱን ከመጨመርህ በፊት የመሲንቆውን መግቢያ አስተካክል

ጥያቄ፦ «ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ከጓደኞቼ ጋር ትንሽ የባህል ሙዚቃ አዳራሽ ከፍተናል። አምፕሊፋየሩን የሠራሁት ራሴ ነኝ። ትራንዚስተሮቹ 2ኤስሲ5200 እና 2ኤስኤ1943 ናቸው። ፓወር ሰፕላዩ ፕላስና ማይነስ 35 ቮልት ነው። በየቻናሉ ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች በፓራለል አሉ። ሂትሲንኩን (ሙቀት የሚያወጣውን ባለ ቅጠል ብረት) ከአሮጌ ኮምፒውተር ፈትቼ ነው የተጠቀምኩት፤ ፋኑ ስለሚጮህ አውጥቼዋለሁ። ግማሽ ሰዓት ከተጫወተ በኋላ ትራንዚስተሮቹ ይቃጠላሉ፤ ሦስት ጊዜ ቀይሬያለሁ። መሲንቆው ላይ የለጠፍኩት ፒዞ ፒክአፕ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው) ደግሞ ድምፁ ቀጭን ነው። ቤዙን ስጨምር «እምምም» የሚል ድምፅና ሹሹታ ይመጣል። ድምፁም ስላነሰኝ ወደ 55 ቮልት ላሳድገው አስቤያለሁ። በተጨማሪ በግቢው ማዶ 120 ሜትር ርቆ ላለው ሁለተኛ ክፍል ድምፅ ማድረስ እንፈልጋለን። ቴሌኮም ውስጥ የሚሠራ ጓደኛዬ «ፋይበር ከኦፕቲካል አምፕሊፋየር ጋር ተጠቀም» ብሎኛል። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ 55 ቮልቱን ተወው። ያሰብከውን ያህል ድምፅ አይሰጥህም፤ ትራንዚስተሮቹን ግን ከአሁኑ ቶሎ ያቃጥላቸዋል።

ሒሳቡን አብረን እንየው። በ35 ቮልት ስትሠራ ትራንዚስተሮቹና ሬዚስተሮቹ 4 ቮልት ያህል ያስቀራሉ። ስፒከሩ ጋ የሚደርሰው ከፍተኛው ጫፍ 31 ቮልት ነው። ይህ በ4 ኦም ላይ 120 ዋት ያህል ነው። 55 ቮልት ብታደርገው 325 ዋት ገደማ ይሆናል። ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል። ጆሮ ግን ዋት አይቆጥርም። ልዩነቱ 4 ዴሲቤል ከምናምን ነው። አድማጭ «ድምፁ እጥፍ ሆነ» የሚለው ወደ 10 ዴሲቤል ሲጨመር ነው፤ ያ ማለት ኃይሉ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። አንተ ትራንስፎርመር፣ ካፓሲተርና ትራንዚስተር ቀይረህ የምታገኘው «ትንሽ ከፍ አለ» የሚባል ነገር ነው።

ድምፅ ከፈለግህ ስፒከሩን እይ። ከጀርባው ወይም ከወረቀቱ ላይ ሴንሲቲቪቲ የሚባል ቁጥር አለ። በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ ይናገራል። ለቤት የተሠራ ስፒከር 88 አካባቢ ሊሆን ይችላል። ለአዳራሽ የተሠራ 97 ይደርሳል። የ9 ዴሲቤል ልዩነት ኃይሉን ስምንት እጥፍ ከማድረግ ጋር እኩል ነው። ያውም ያለ አንዲት ዲግሪ ተጨማሪ ሙቀት።

አሁን ወደሚቃጠሉት ትራንዚስተሮች እንምጣ። ብዙ ሰው ትራንዚስተር የሚቃጠለው ድምፁ ጣራ ሲነካ ይመስለዋል። እንዳንተው ሁለት ትራንዚስተሮች በየተራ በሚሠሩበት፣ ክላስ ቢ በሚባለው አምፕሊፋየር ላይ እንዲህ አይደለም። ትራንዚስተሩ በጣም የሚግለው ውጤቱ ከከፍተኛው ጫፍ ሁለት ሦስተኛ አካባቢ ሲሆን ነው። ማለትም ጥሩ ሞቅ ባለ ጨዋታ መሀል። በአንተ 35 ቮልትና 4 ኦም፣ በዚያ ቦታ ላይ አንድ ጥንድ ትራንዚስተር ወደ 62 ዋት ሙቀት ያወጣል። 55 ቮልት ብታደርገው 153 ዋት ይሆናል። ስፒከር ደግሞ እንደ ተራ ሬዚስተር ስለማይሠራ ጫናው ከዚህም ያልፋል።

ያንን ሙቀት የሚያወጣው ማን ነው? ፋን የሌለው የኮምፒውተር ሂትሲንክ። ቅጠሎቹ ተጠጋግተው የተሠሩት ፋን እንዲነፋባቸው ነው። ያለ ፋን ለእያንዳንዱ ዋት ወደ 2 ዲግሪ ይሞቃል ብለህ አስብ። በአማካይ ግማሹን፣ 30 ዋት ብቻ ብንወስድ እንኳ ከክፍሉ ሙቀት በላይ 60 ዲግሪ ነው። ሰው የሞላበት አዳራሽ 25 ዲግሪ ቢሆን ብረቱ 85 ደረሰ ማለት ነው። ትራንዚስተሩ ውስጥ ያለው ሲሊከን ደግሞ ከብረቱ በላይ ይግላል።

ዳታሺቱ (የአምራቹ መግለጫ ወረቀት) ላይ «150 ዋት» የሚለው ቁጥር ብዙ ሰው አሳስቷል። ያ የትራንዚስተሩ አካል 25 ዲግሪ ላይ ቢቆይ ብቻ የሚሠራ ነው። አካሉ 90 ዲግሪ ሲደርስ የሚችለው ወደ 72 ዋት ይወርዳል። 150 ዲግሪ ላይ ዜሮ ነው። ቮልቱ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ በአንድ ጊዜ ሊያሳልፍ የሚችለው ከረንት ከዚህም በባሰ ፍጥነት ይቀንሳል። ለ55 ቮልት «ይህ ትራንዚስተር እኮ 230 ቮልት ይችላል» የሚል ክርክር የማይሠራው ለዚህ ነው። ቮልቱን ይችላል፤ ከረንቱን ይችላል፤ ሁለቱን በአንድ ላይ ግን አይችልም።

እዚህ ላይ ከተማችንም አለችበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ገደማ ይቀላል። ሂትሲንክ ሙቀቱን የሚያስረክበው ለአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ የሚሸከመውም ያንሳል። ስለዚህ ከውጭ በመጣ ሠንጠረዥ የተመረጠ ሂትሲንክ እኛ ጋ ከ10 እስከ 15 በመቶ ሰፋ ማለት አለበት። ብርዳችን የተወሰነውን ይክሳል። ሰው ጢም ባለበት አዳራሽ፣ ከመድረክ በታች በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ግን ብርድ የለም።

ግማሽ ሰዓት ጠብቆ መቃጠሉ ሌላም ነገር ይነግረኛል። ባያሱ፣ ማለትም ትራንዚስተሮቹ ሙዚቃ ሳይኖርም በጥቂቱ እንዲከፈቱ የሚያደርገው ቮልት፣ ሙቀቱን እየተከተለ አይደለም። ትራንዚስተር ሲሞቅ ቤዝና ኤሚተር በሚባሉት እግሮቹ መሀል የሚፈልገው ቮልት በየዲግሪው ወደ 2 ሚሊቮልት ይቀንሳል። ባያሱ ባለበት ከቆየ ከረንቱ ይጨምራል። ከረንቱ ሲጨምር ይሞቃል፤ ሲሞቅ ደግሞ ከረንቱ ይጨምራል። ይህ አዙሪት አንዴ ከተነሳ ፊውዝ ከመበጠሱ በፊት ትራንዚስተሩ ያልቃል። መፍትሔው ባያሱን የምትይዘዋ ትንሿ ትራንዚስተር ከትልልቆቹ ጋር አንድ ሂትሲንክ ላይ በብሎን እንድትታሰር ማድረግ ነው። ቦርዱ ላይ በአየር ቆማ ከሆነ ስለ ሙቀቱ ምንም አታውቅም። እኔ ወጣት ሳለሁ በአንድ ሌሊት አራት ትራንዚስተር የጨረስኩት በዚህችው ነው። አሁን የማንንም አምፕሊፋየር ስከፍት መጀመሪያ የማየው እሷን ነው።

ልኬቱ ቀላል ነው። ሙዚቃ ሳትለቅ፣ መግቢያውን ሾርት አድርገህ፣ በ0.22 ኦሙ የኤሚተር ሬዚስተር ላይ ሚሊቮልት ለካ። ከ15 እስከ 25 ሚሊቮልት ይሁን። ሃያ ደቂቃ አሙቀውና እንደገና ለካ። እየወጣ ከሄደ አታጫውተው።

ሦስት ጊዜ ስለተቃጠለብህ ሁለት ነገር ጨምረህ አጣራ። አንደኛው የትራንዚስተሩ ኦሪጅናልነት ነው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በዓለም ላይ አብዝተው ከሚኮረጁት ውስጥ ናቸው። የሞተውን አንዱን መነጽር አድርገህ በፒንሳ ስበረው። ውስጡ ያለው ሲሊከን 2 ሚሊሜትር የምታክል ነጥብ ከሆነች 150 ዋት የሚባል ነገር መጀመሪያውኑ አልነበረም። ሁለተኛው አምፕሊፋየሩ ጆሮ በማይሰማው ፍሪኩዌንሲ ራሱን በራሱ እያንቀጠቀጠ እንዳይሆን ነው። ኦሲሎስኮፕ ያለው ሰው ብታገኝ ጥሩ ነው። ካጣህ መውጫው ላይ ከ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ጋር የተያያዘውን የ10 ኦም ሬዚስተር ተመልከት። ሙዚቃ ሳይኖር ከሞቀ አምፕሊፋየሩ እየተንቀጠቀጠ ነው። ያ ሬዚስተርና ካፓሲተር ጭራሽ ከሌሉህ ደግሞ ምክንያቱን አግኝተሃል።

አሁን እኔን በጣም ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ፣ ወደ መሲንቆው። መሲንቆ ባለ አንድ ክር ነው። የድምፁ ሥጋ ያለው ቆዳው ላይ በሚፈጠረው ወፍራም ንዝረት ነው። አንተ ያንን ሥጋ ከመጀመሪያው በር ላይ አስቀርተህ፣ ከኋላ በቤዝ ልትመልሰው እየሞከርህ ነው። አይመለስም።

ፒዞ በተፈጥሮው ካፓሲተር ነው። 2 ናኖፋራድ ያህል ነው እንበል። አምፕሊፋየርህ መግቢያው ላይ በተለመደው መልክ 22 ኪሎ ኦም ካለው ሁለቱ ተጣምረው ማጣሪያ ይሠራሉ። ስሌቱ ወደ 3,600 ኸርዝ ይሰጣል። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ እየተቆረጠ ነው የሚገባው። ከዚያ በታች ያለው ደግሞ መሲንቆው ራሱ ነው! ሚክሰሩ ላይ በማይክ ቀዳዳ ብታስገባው ይብሳል፤ እሱ 2 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው። መግቢያው 1 ሜጋ ኦም ቢሆን ግን መቁረጫው ወደ 80 ኸርዝ ይወርዳል። 10 ሜጋ ኦም ቢሆን 8 ኸርዝ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጠፋ ነገር የለም።

«ሬዚስተሩ ሲተልቅ ሹሹታው ይጨምራል» የሚልህ ሰው ይኖራል። ለብዙ ሰርኪት እውነት ነው። ለፒዞ ግን ተቃራኒው ነው። የሬዚስተሩን ሹሹታ የፒዞው ካፓሲታንስ ሾርት ስለሚያደርገው፣ ሬዚስተሩ በተለቀ ቁጥር ጸጥታው ይሻላል።

የሚያስፈልግህ አንድ ቲኤል071 የሚባል የማጉያ ቺፕ እና ባለ 9 ቮልት ባትሪ ነው። በሁለት ባለ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ባትሪውን ለሁለት ክፈል። መሀሉን በ10 ማይክሮፋራድ አረጋጋው። ከመሀሉ ወደ ፕላስ መግቢያው 10 ሜጋ ኦም አስገባ። መውጫውን ወደ ማይነስ መግቢያው መልሰው። ፒዞውን በ1 ኪሎ ኦም በኩል ወደ ፕላሱ አስገባ። እዚያው ላይ 100 ፒኮፋራድ ወደ ግራውንድ ጨምር። ስልክ ከመጮሁ በፊት ስፒከሩ «ትርትር» የሚለውን የምትገድለው በእነዚህ ሁለቱ ነው። መውጫው ላይ 10 ማይክሮፋራድና 100 ኦም አድርግ። ባትሪው ከ300 ሰዓት በላይ ይቆያል።

«የተሻለ ነው» ብለው ኤንኢ5532 እንዳይሰጡህ። ለማይክና ለሚክሰር ድንቅ ቺፕ ነው። ለፒዞ ግን አይሆንም። የመግቢያ ከረንቱ 200 ናኖአምፔር ያህል ስለሆነ 10 ሜጋ ኦም ላይ 2 ቮልት ያዛባል። ሹሹታውም ይጨምራል። ቲኤል071 መግቢያው ፌት የሚባል የትራንዚስተር ዓይነት ስለሆነ ከፒክአፑ ምንም አይወስድም ማለት ይቻላል። ሰርኪቱንም መድረክ ሥር ሳይሆን መሲንቆው አጠገብ፣ ከአዝማሪው ወገብ ላይ አድርገው። የኬብል ካፓሲታንስ በየሜትሩ 100 ፒኮፋራድ ያህል ነው። 6 ሜትር ኬብል ከቀደመ ድምፁ ሰርኪቱ ጋ ሳይደርስ ሩብ ያህሉ ጠፍቷል።

ይህን ያህል የደከምኩበት ምክንያት አለኝ። አምፕሊፋየር ዜማውንና ሹሹታውን አይለይም፤ የገባለትን ሁሉ አብሮ ያሳድጋል። ሃራልድ ፍሪስ እ.ኤ.አ. በ1944 በቀመር ያስቀመጠው ይህንን ነው፤ በተከታታይ በተሰለፉ አምፕሊፋየሮች ውስጥ የጠቅላላውን ንጽሕና በዋናነት የሚወስነው የመጀመሪያው ነው። ሃሮልድ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1927 የፈለሰፈው ፊድባክ (ውጤቱን በከፊል ወደ መግቢያው መልሶ ስህተቱን የማረም ዘዴ) እንኳ፣ ዛሬ አንተም ቦርድ ላይ ያለው፣ የትራንዚስተሩን መዛባት ይቀንሳል እንጂ ከምልክቱ ጋር የገባን ሹሹታ አያወጣም።

እምምም የሚለው ድምፅ በከፊል ከዚሁ ይመጣል። በከፊል ደግሞ ከግራውንድ። መግቢያውን ሾርት አድርግ። ድምፁ ከጠፋ ችግሩ ከውጭ በኬብልና በፒክአፕ የሚገባ ነው። ካልጠፋ ፓወር ሰፕላዩ ጋ ነው። ወፍራሙ 50 ኸርዝ ከትራንስፎርመርና ከግራውንድ ሉፕ (ግራውንዱ ከአንድ በላይ መንገድ ሲያገኝ ከሚፈጠረው ዙር) ነው፤ ሰላ ያለው 100 ኸርዝ ከማጣሪያ ካፓሲተሩ። 10,000 ማይክሮፋራድ ካለህና 3 አምፔር ስትወስድ ቮልቱ ወደ 3 ቮልት ይዋዥቃል። የካፓሲተሮቹን ግራውንድ፣ የስፒከሩንና የመግቢያውን ለየብቻ አምጥተህ አንድ ነጥብ ላይ አገናኛቸው።

ነገር ግን እምምም እንዲጠፋ ብለህ የሶኬቱን ኧርዝ በፍጹም እንዳትቆርጥ። ብዙ ቦታ አይቻለሁ። ድምፁ በእርግጥ ይጠፋል። ትራንስፎርመሩ አንድ ቀን ወደ ሣጥኑ ቢያፈስ ግን 220 ቮልቱ የሚሄደው የብረት ማይክ ወደያዘው ዘፋኝ ነው።

ሁለተኛው ክፍል። የስፒከር ገመድ 120 ሜትር አትዘርጋ። 1.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ በደርሶ መልስ 2.8 ኦም አለው። 4 ኦም ስፒከር ጋ የሚደርሰው ኃይል፣ ያለ ገመዱ ይደርስ ከነበረው ሲሶው ብቻ ነው። አምፕሊፋየሩ እዚያው ክፍል ይቀመጥ፤ ከዚህ የሚሄደው ትንሹ ምልክት ይሁን።

የጓደኛህ ሐሳብ ግማሹ ትክክል ነው። በቴሌኮም ኦፕቲካል አምፕሊፋየር ሲባል በብዛት ኤርቢየም የተጨመረበት ፋይበር ነው። በ980 ወይም በ1480 ናኖሜትር ሌዘር ይሞላና በ1550 አካባቢ የሚያልፈውን ብርሃን ያለ ምንም ኤሌክትሪክ ልወጣ ያሳድጋል። እ.ኤ.አ. በ1987 ይፋ የሆነው ይህ ሥራ ዓለምን ቀይሯል። እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንቲክን ያቋረጠው ታት-12/13 ኬብል በእሱ ነው የሠራው። ግን ለአሥርና ለመቶ ኪሎሜትሮች የተሠራ ነው። የአንተ 120 ሜትር ፋይበር የሚያስቀረው ከ0.05 ዴሲቤል በታች ነው። የሚያጎላ ነገር የለም። ይባስ ብሎ የዚህ መሣሪያ ውጤት የአጭር ርቀት ተቀባይን ሊያቃጥል ይችላል፤ ብርሃኑ የማይታይ ስለሆነ ዓይንም ሊጎዳ ይችላል። እሱም ከሹሹታ ነፃ አይደለም። ምልክቱን በደንብ ሲያጎላ፣ የፊዚክስ ሕግ ራሱ ቢያንስ 3 ዴሲቤል ንጽሕና ያስከፍለዋል። መሲንቆው ላይ ያየነው ነገር ብርሃን ውስጥም አለ።

ፋይበሩ ብቻውን ግን ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ምክንያቱ ርቀት ሳይሆን ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ነው። ሁለቱ ሕንፃዎች የተለያየ ቆጣሪና የተለያየ ኧርዝ ካላቸው፣ የክረምቱን መብረቅም ካሰብን፣ ፋይበር ሁለቱን ይለያያቸዋል። በሁለቱም በኩል ኤሌክትሪኩን ወደ ብርሃን፣ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር መሣሪያና የኔትወርክ ድምፅ መሣሪያ መግዛት ግን ይጠይቃል። የቆጣሪያችሁ መስመር አንድ ከሆነ አሁን እንዲህ አድርግ። ተራ የኔትወርክ ኬብል ዘርጋ። አንዱን የተጠማዘዘ ጥንድ ከሚክሰሩ ባላንስድ መውጫ (ምልክቱን በሁለት ተቃራኒ ሽቦዎች ከሚልከው) አገናኝ። በመቀበያው በኩል አንድ ለአንድ የሆነ የድምፅ ትራንስፎርመር አስገባ። የ120 ሜትሩ ካፓሲታንስ ወደ 6 ናኖፋራድ ስለሆነ ድምፁን አይነካውም። አራት ጥንድ ስላለው አራት ቻናል ይሆንልሃል። መብረቅ ሲመጣ ግን ከሁለቱም በኩል ንቀለው። ቆጣሪው የተለያየ ከሆነ ገንዘብ እስክታገኙ ጠብቁና ፋይበሩን ግዙ፤ በመዳብ አታገናኙ።

ቅደም ተከተሉ ይኸው። በዚህ ሳምንት የመሲንቆውን ሰርኪት ሥራ፤ ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው፤ ልዩነቱንም ወዲያው ትሰማዋለህ። ከዚያ ፋኑን መልስ። ስለሚጮህ ከሆነ ከ12 ቮልት ይልቅ በ7 ወይም በ8 ቮልት አዙረው፤ ጸጥ ይላል፣ አየር ግን ይነፋል። ለእያንዳንዱ ቻናል የየራሱ ሂትሲንክ ይሁን። በትራንዚስተሩና በብረቱ መሀል ሚካና የሙቀት ቅባት እንዳይረሳ። ባያሷን ትራንዚስተር እሰራት። 35 ቮልቱን እንዳለ ተወው።

አዲሶቹን ትራንዚስተሮች ከገጠምህ በኋላ በቀጥታ ሶኬት ላይ አትሰካው። የድሮውን ባለ ክር የ60 ወይም የ100 ዋት አምፖል ከ220 ቮልቱ ጋር በሲሪስ አስገባ፤ ኤልኢዲ አይሆንም። ስፒከሮቹን አላቅቅ። ስታበራው አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ካፓሲተሮቹ ሞልተዋል፤ ደህና ነው። ቦግ እንዳለ ከቆየ የሆነ ቦታ ሾርት አለ፤ አጥፋና ፈልግ። ከደበዘዘ አምፖሉን አውጣ፤ የስፒከሩ መውጫ ላይ ዲሲ ቮልት ለካ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ስፒከሩን አገናኝና መጀመሪያ መሲንቆውን ብቻ፣ ቤዙ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ አስጫውተው።